ውጅግራ በተሠራበት ከተማ

በዚህ ሳምንት የምናወጋችሁ ስለ ጦር ሜዳ አይደለም። ነገሩ ጠመንጃን የሚመለከት መሆኑ ግን አልቀረም። ባለፈው መስከረም ለአጭር ሥልጠና ወደ ፈረንሳይ አገር ተልከን በሊዮን ከተማ በሰነበትንበት ወቅት፣ እኛና አንድ የኮርስ ባልደረባችን የዕረፍት ቀናችንን ተጠቅመን ወደ ሳንት ኤትየን ተጉዘን ነበር። የተጓዝነውም በዚያች ከተማ ለረጅም ዘመን የኖሩ አንድ የቀድሞው ሠራዊት ሃምሳ አለቃ «የመጀመሪያዬን ጠመንጃ ልገዛ ነውና መጥታችሁ ዐይናችሁን አውሱኝ» ብለው በስልክ ስለ ጠሩን ነው።

ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መሣሪያ የተሸከመ ሰው እንዴት አድርጎ ስለ መጀመሪያ ጠመንጃው እንደሚናገር ግራ ገብቶን ጠየቅናቸው። «ያ የመንግሥት ነበር፤ በቁጥር ተረክቤ በ1983 ዓ.ም. ሱዳን ድንበር ላይ በቁጥር ያስረከብሁት። የኔ የምለው ጠመንጃ በሕይወቴ ኖሮኝ አያውቅም» አሉን። መልሱ ወታደራዊ መልስ ስለ ነበረ ሌላ ጥያቄ አላስከተልንም።

ከሊዮን የሚነሣው ባቡር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያደርሳል። ከወንዙ ሸለቆ ወጥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲያቀና የምናየው የወይን እርሻና የቤተ መንግሥት ግንብ አይደለም፤ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ፣ ያረጀ የጡብ መጋዘንና ጥቁር ኮረብታ ነው። እነዚያ ሁለት ጥቁር ኮረብታዎች እግዜር የሠራቸው ሳይሆኑ የሰው እጅ የቆለላቸው ናቸው። ኩርዮ ከሚባለው የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ የወጣ ትርፍ አፈር ተከምሮ ተራራ ሆነ። ጉድጓዱ እ.ኤ.አ. በ1973 ተዘግቶ ዛሬ ሙዚየም ነው። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ጠዋት ብርድ አላት። ከደረስንበት ጣቢያ ሲወጡ ፒላ የተባለው ተራራ በደቡብ ምሥራቅ በኩል በደን ተሸፍኖ ይታያል።

ሃምሳ አለቃው ጣቢያው በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ወገባቸው ግን ገና የሰልፍ ወገብ ነው። «ፓሪስን ሁሉም ሰው ያየዋል። እናንተ ወታደሮች ናችሁ፤ እናንተ ማየት ያለባችሁ ይህንን ነው» ብለው ወደ ትራም አስገቡን። ትራሙ ከተማዪቱን ከሰሜን እስከ ደቡብ ሰንጥቆ የሚሄድ ሲሆን፣ መሥመሩ እ.ኤ.አ. ከ1881 ጀምሮ ያልተቋረጠ ነው። በፈረንሳይ አገር ብዙዎቹ ከተሞች ትራማቸውን ነቅለው ሲጥሉ ይህች የሠራተኞች ከተማ የራሷን ይዛ ቆይታለች።

ስለ ከተማዪቱ ጥቂት ልንላችሁ ይገባል። ሳንት ኤትየን ሪባን፣ ብስክሌት፣ የድንጋይ ከሰልና ጠመንጃ የሚመረትባት ከተማ ነበረች። የንጉሡ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1764 ነው። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን የቅዱስ ስም ይቅር ተብሎ «የጦር መሣሪያ ከተማ» ተብላ ተሰይማ ነበር። ያ ፋብሪካ አሁን የለም። በቦታው እ.ኤ.አ. በ2009 የዲዛይን ማዕከል ተከፍቶ ወጣቶች ስለ ወንበርና ስለ መብራት ቅርጽ ይማሩበታል። ዋናው ሕንጻ «ፕላቲን» ይባላል፤ ይኸው ቃል በፈረንሳይኛ የጠመንጃን የመተኮሻ መዘውርም ይጠራበታል። የአጥሩ ጡብና ትልቁ በር ግን አሁንም የጦር ሰፈር መልክ አላቸው፤ ባልደረባችን ሳያስበው ወደ ኪሱ ገብቶ መታወቂያውን ሲፈልግ አየነው።

ከዚያ ወደ ሥነ ጥበብና ኢንዱስትሪ ሙዚየም ወጣን። ከመስተዋት ጀርባ በተርታ ከቆሙት መሣሪያዎች መካከል ሃምሳ አለቃው በአንዱ ፊት ቆመው ቀሩ። ጽሑፉ «ፉዚ ግራ፤ ሞዴል 1874» ይላል። ፉዚ ማለት በፈረንሳይኛ ጠመንጃ ነው፤ ግራ የመሐንዲሱ የመኮንኑ የባዚል ግራ ስም ነው። «አንብቡት እስቲ ድምፅ አውጥታችሁ፤ ፈጠን አድርጋችሁ» አሉን። አነበብነው። ፉዚ ግራ፤ ፉዚግራ፤ ውጅግራ! በልጅነታችን በሠርግ ቤትና በፉከራ ስንሰማው ያደግነው፣ ትርጉሙን ጠይቀን የማናውቀው ቃል ከፊታችን በነሐስ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ቆሟል። አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በብዙ አርበኛ እጅ የነበረ መሣሪያ ነው። ውጅግራ የተሠራው በዚህች ከተማ ብቻ አይደለም፤ በሌሎችም የፈረንሳይ ፋብሪካዎች ተመርቷል። ቢሆንም ሃምሳ አለቃው አያታቸው የያዙት ጠመንጃ ከዚህ የወጣ ለመሆኑ ጥርጥር የላቸውም። እኛም ልንከራከራቸው አልፈለግንም። «ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ስኖር የአያቴ ጠመንጃ ጎረቤት መሆኔን ያወቅሁት ጡረታ ስወጣ ነው» አሉ።

ምሳ በቤታቸው ነበር። ቤቱ በኮረብታው ወገብ ላይ ባለ ፎቅ አራተኛ ደረጃ ላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ነው። ባለቤታቸውን እትዬ እያልን ጠራናቸው፤ እሳቸውም ልጆቼ አሉን። ዶሮ ወጡ የደረሰ ነበር። ጨዋታው ግን ገና ከመጀመሪያው ጉርሻ አንሥቶ ወደ ጠመንጃው ዞረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃምሳ አለቃው በአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርተው ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጥተዋል። የሥራ ጓደኞቻቸው እሑድ እሑድ በፒላ ተራራ ሥር የሚያድኑ የመንደር ሰዎች ናቸው። ሰውዬው ከጡረታ በኋላ ቤት ውስጥ ከመስኮት ሥር ተቀምጠው መዋል ጀመሩ። ጓደኞቻቸው ይህን አይተው «ና ከእኛ ጋር» አሏቸው። እሳቸውም በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ለአደን ፈቃድ ፈተና ተቀመጡ። በፈረንሳይ አገር ፈቃዱ በእጅ መንሻ የሚገኝ አይደለም፤ የብዝኀ ሕይወት መሥሪያ ቤቱ በንድፈ ሐሳብም በተግባርም ይፈትናል። በተግባሩ ፈተና መሣሪያን በሰው አቅጣጫ ማዞር ወዲያውኑ ይጥላል። ሃምሳ አለቃው በመጀመሪያው ሙከራ አለፉ። ይህን ሲናገሩ ሻለቃ የተሾሙ ነው የሚመስሉት።

እትዬ ግን አልተደሰቱም። «የምታድነውን ማን ይበላዋል?» ነበር የመጀመሪያው ጥያቄያቸው። እውነት ነው፤ የፈረንሳይ ገበሬ የሚያድነው ከርከሮ፣ ጥንቸል፣ የዱር ርግብ ነው። ከርከሮውና ጥንቸሉ ከእኛ ማዕድ አይቀርቡም። ቆቁና ፌዛን የተባለው የዶሮ ዘመድስ ቢሆን በስመ አብ ተብሎ ሳይባረክ በጥይት የሞተ እንደ ምን ይበላል? ሃምሳ አለቃው ወፏ ነፍሷ ሳይወጣ ቢላዋ ለማድረስ እንደሚሮጡ፣ ያልደረሱባትንም ለፈረንሳዮቹ እንደሚሰጡ ማሉ። በዚህ ሳቅን። እትዬ ግን ሳቁን አልተካፈሉም፤ ሁለተኛው ጥያቄያቸው ገና ነበርና።

ቡናው ሲፈላ ነገሩን ነገሩን። ልጅ ሳሉ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ለጥምቀት ዋዜማ የአጎታቸው ልጅ ምንሽሩን ሊወለውል ከመደብ ላይ ተቀመጠ። የዘጠኝ ዓመት ታናሽ ወንድማቸው ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብሎ ያይ ነበር። ሰውዬው «አትፍራ፤ ባዶ ነው» አለና ምላጩን ሳበ። «ከዚያ ቀን ወዲህ ባዶ ነው የሚለውን ቃል ከማንም አፍ አልቀበልም» አሉ እትዬ። ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲቀር እናታቸው ወደዚያ ክፍል ሳይገቡ ሞቱ። እትዬም ሃምሳ አለቃውን ሲያገቡ መሣሪያ የሚባል ነገር ቤታቸው እንዳይገባ ቃል አስገብተዋቸው ነበር፤ ቃሉም እስከዚህ ዓመት ድረስ ተጠብቋል።

ሃምሳ አለቃው ስኒያቸውን አስቀምጠው መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። ትእዛዝ የሚጠብቅ ወታደር ይመስላሉ። እትዬ ቀጠሉ፤ «ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ እንዲያልቅም አልፈልግም። ስለዚህ እንዲህ ብዬዋለሁ፤ እኔ ራሴ ከፍቼ፣ በዐይኔ አይቼ፣ ጣቴን ከትቼ ባዶነቱን የማረጋግጠው ዓይነት ከሆነ ይግባ። አለዚያ አይግባ።»

እዚህ ላይ ባልደረባችንና እኛ ተያየን። እትዬ ሳያውቁት ለጀማሪ አዳኝ የሚበጀውን መሣሪያ በአንድ ዐረፍተ ነገር መርጠውታል። ምክንያቱን እናስረዳ። የአደን መሣሪያ ሱቅ የገባ ሰው በአጠቃላይ ሦስት ዓይነት ይቀርብለታል። አንደኛው በራሱ የሚያጎርስ ነው፤ ጥይቱ ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል፤ ከላይ ያለውን ያወጣ ሰው ከታች የቀረውን ሊረሳ ይችላል። ሁለተኛው አፈሙዞቹ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረቡበት ነው። ሦስተኛው ሁለቱ አፈሙዞች ጎን ለጎን የተኙበት፣ የአያቶች ጠመንጃ የሚባለው ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ወገባቸው ላይ ይሰበራሉ። ቁልፉን በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት መሣሪያው እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፍና ሁለቱ ቀዳዳዎች ይገለጣሉ። ጥይት ካለ ይታያል፤ ከሌለ ብርሃን ይታያል። ተሰብሮ ሳለ ሊተኩስ አይችልም። የአገሩ አዳኞች ሲገናኙ ጠመንጃቸውን ሰብረው በክንዳቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትም፣ መሣሪያዬ ባዶ ነው የሚለውን ነገር በአፍ ከመናገር ይልቅ ለማሳየት ነው።

ጎን ለጎን የሆነው ደግሞ ሌላ በጎ ነገር አለው፤ ይረክሳል። የዛሬ አዳኝ ተደራራቢውን ወይም በራሱ የሚያጎርሰውን ስለሚመርጥ፣ የሟች አባቶች ጠመንጃ በልጆቻቸው እጅ ወደ ሱቅ ይመለሳል። ሃምሳ አለቃው ያጠራቀሙት ለሁሉም ነገር 400 ዩሮ ነበር። ከዚህ ላይ የሚቆለፍ የብረት ሣጥን ይገዙበታል፤ የአገሩ ሕግ መሣሪያ ማንም እንዳያነሣው ሳይጠበቅ ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንዲያድር አይፈቅድም። ስለዚህ ለጠመንጃው የሚተርፈው ከ250 ዩሮ አይበልጥም።

ወደ ሱቁ አራት ሆነን ሄድን። እትዬ ነጠላቸውን ደርበው፣ የእጅ ቦርሳቸውን በክንዳቸው ይዘው ከፊት ነበሩ። ባለ ሱቁ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ ሴት ወይዘሮ በመጀመሪያ ስትገባ ሲያይ ጥቂት ተገረመ፤ ወንበር ግን አቀረበ።

ከመደርደሪያው ሃምሳ አለቃው ወዲያው ያነሡት አንድ የተዋበ መሣሪያ ነበር። ጎኑ ላይ ቆቆች ሲበሩ ተቀርጾበታል፤ ሰደፉ እንደ ቡና ማር የቀላ የዋልኑት እንጨት ነው። ዋጋው 380 ዩሮ ይላል። ሃምሳ አለቃው ደጋግመው ወደ ትከሻቸው ያስጠጉታል፤ ዐይናቸው እንደ ሙሽራ ያበራል። «ሣጥኑን በሚቀጥለው ወር እገዛለሁ» ማለት ጀመሩ። እትዬ ምንም አላሉም፤ ቦርሳቸውን ግን ከክንዳቸው ወደ ጭናቸው አወረዱት።

እኛ ሥራችንን ጀመርን። በመጀመሪያ ሰብረን ባዶነቱን አየን፤ አሳየንም። ቀጥሎ ከአፈሙዙ ሥር ያለውን የእጅ መያዣ እንጨት አውልቀን መሣሪያውን በሰደፉ ይዘን ነቀነቅነው። ቀጭን የ«ጢቅ ጢቅ» ድምፅ ሰማን። የታጠፊያው ጥርስ ተበልቷል ማለት ነው። አንድ ወረቀት ቀደን በአፈሙዙ ግርጌና በመሣሪያው ግንባር መካከል አስገብተን ዘጋነው፤ ወረቀቱ ሳይያዝ ወጣ። የመክፈቻው ቁልፍም ከመካከለኛው መሥመር አልፎ ወደ ግራ ዞሮ ተኝቷል። ጤናማ መሣሪያ ላይ ይህ ቁልፍ ወደ ቀኝ ጥቂት ዘንበል ብሎ ይቆማል፤ እየተበላ በሄደ ቁጥር ወደ ግራ ይጓዛል። ከዚያ አፈሙዞቹን ለይተን በአንድ ጣት አንጠልጥለን በእርሳስ ጫፍ መታ አደረግናቸው። ሁለቱን አፈሙዞች የሚያያይዘው ብየዳ ጤነኛ ከሆነ እንደ ደወል ይጮኻል። ይህ እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ አጉረመረመ።

ሃምሳ አለቃው አሁንም አልተስፋ ቆረጡም። «ይጠገናል» አሉ። ይህን ጊዜ እትዬ እጃቸውን ዘርግተው አፈሙዞቹን ጠየቁ። ወደ መስኮቱ ሄደው በአንደኛው ዐይናቸው ብርሃኑን አዩበት፤ ቀስ እያሉ አዞሩት። እኛም ቀደም ብለን አይተንበት ንጹሕ መስሎን ነበር። «ይኼኛው ቱቦ ወገቡ ላይ ቀለበት አለው፤ ጥላው ሙሉ ዙር ይዞራል» አሉ። ባለ ሱቁ ተቀብሎ አየ፤ በጣቱ ውጭውን ዳሰሰ፤ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም አዎ፣ ቀለበት አለው አለ። አንድ ጊዜ አፈሙዙ ውስጥ ነገር ተወትፎ ሳለ ተተኩሶበት ብረቱ ከውስጥ አብጧል። እንዲህ ያለው አፈሙዝ አንድ ቀን በግራ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ባለ ሱቁ ሐቀኛ ሰው ነበርና ከዋጋው ላይ ብዙ እንደሚቀንስ ነገረን። እኛ ለእትዬ ተረጎምንላቸው። «በቅናሽ የሚሸጥ ሐዘን አንፈልግም በሉት» አሉ። ይህንን መተርጎም ከበደንና «አመሰግናለሁ ብለዋል» አልነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ከመደርደሪያው ግርጌ ነበር። ቅርጽ የለውም፤ ጌጥ የለውም። ጥቁር ብረቱ የሰው እጅ በያዘበት ሁሉ ነጥቷል። «ሮቡስት» ይባላል፤ ብርቱ እንደ ማለት ነው። የተሠራውም ከዚያ ሱቅ በእግር በሚደረስ ቦታ፣ ማኑፍራንስ በተባለው ፋብሪካ ነው። ኤትየን ሚማርና ፒየር ብላሾን የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1885 ያቋቋሙት ይህ ድርጅት ጠመንጃውንም፣ ብስክሌቱንም፣ የልብስ ስፌት መኪናውንም በአንድ ወፍራም ካታሎግ አትሞ በፖስታ ይሸጥ ነበር። የገጠር ባል ጠመንጃውን፣ ሚስት ኦምኒያ የተባለውን የስፌት መኪና ከአንዱ መጽሐፍ ይመርጡ ነበር ማለት ነው። ሮቡስትን እ.ኤ.አ. በ1913 ያወጡት ለመኳንንት ሳይሆን ለገበሬና ለሠራተኛ ነው። ፋብሪካው ከብዙ የሠራተኞች ትግል በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 ተዘጋ። ትልቁ ሕንጻ አሁንም በኩር ፎርየል ጎዳና ላይ ቆሟል። ባለ ሱቁ አባቱ እዚያ ይሠሩ እንደ ነበር ነገረን፤ መሣሪያውን ሲያቀብለንም በሁለት እጁ ነው።

ሁሉንም ፈተና ደገምነው። ሲነቀነቅ ዝም አለ። ወረቀቱን ነክሶ ያዘ። ቁልፉ ወደ ቀኝ ነው። አፈሙዞቹ ሲመቱ ድምፁ ሱቁን ሞላው፤ እትዬ «የቤተ ክርስቲያን ደወል» አሉ። ከሥሩ የከተማዪቱ የፍተሻ ቤት ምልክት፣ ዘውዱና የተጠላለፉት ዘንባባዎች አሉበት። ይህ ምልክት አፈሙዙ ከመሸጡ በፊት ከተለመደው የበረታ ባሩድ ተተኩሶበት መቻሉን የሚመሰክር ማኅተም ነው፤ የሌለበትን አሮጌ ጠመንጃ ማንም ሰው በርካሽ ብሎ እንዳይገዛ። ከዘንባባው አጠገብ 12 እና 70 የሚሉ ቁጥሮች ተቀርጸዋል። 12 ማለት ከአንድ ፓውንድ እርሳስ ከሚወጡ 12 እኩል ድብልቡሎች የአንዱ ስፋት ነው፤ ወደ 18.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 70 ደግሞ ጥይቱ የሚጎርስበት ክፍል ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው። ያኛው የተዋበው ጠመንጃ 65 ነበር። የዛሬው ጥይት በ65 ውስጥ ገብቶ ይዘጋል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ሲተኮስ ጫፉ የሚከፈትበት ቦታ አጥቶ ግፊቱ ከልክ በላይ ይነሣል። ገባልኝ ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም።

የቀረው የልክ ጉዳይ ነበር። ሃምሳ አለቃው ዐይናቸውን ጨፍነው መሣሪያውን ወደ ትከሻቸው እንዲያነሡ፣ ከዚያ ዐይናቸውን እንዲገልጡ አደረግን። ጠመንጃው ወደሚያዩበት ካየ ሰደፉ ልካቸው ነው። ጥቂት ረዘም ይል ነበር፤ ባለ ሱቁ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እንደሚቆርጥላቸው ቃል ገባ። ሰደፉ ውስጥ ደግሞ ያልጠበቅነው ነገር ተገኘ። ከታች ያለችውን የቆዳ ጫፍ ሲስቧት ማንገቻው ከእንጨቱ ሆድ ውስጥ ተስቦ ይወጣል፤ ሲለቁት ተመልሶ ይገባል። ሃምሳ አለቃው አራት ጊዜ አወጡት፣ አራት ጊዜ አስገቡት። የተቀረጹት ቆቆች ተረሱ።

በመጨረሻ መሣሪያውን ለእትዬ ሰጠናቸው። ሱቁ ጸጥ አለ። አውራ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አኑረው ገፉት፤ ጠመንጃው ከበደ እንጂ ተሰበረ። በአንደኛው ቀዳዳ አዩ፤ በሁለተኛው አዩ። ከዚያም እንዳሉት ጣታቸውን ከተቱ፤ አንዱን፣ ቀጥሎም ሌላውን። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየን፤ ባለቤታቸውም አይተዋል፤ ማንም ግን ሊረዳቸው አልሞከረም። ዘግተውት፣ እንደገና ሰብረው፣ እንደገና አዩ። «ስንት ነው?» አሉ። 220 ዩሮ ነበር።

ወረቀቱ ጥቂት ጊዜ ወሰደ። የአደን ፈቃዱ ታየ፤ መሣሪያው በመንግሥት የመረጃ መዝገብ በስማቸው ተመዘገበ። በዚያ አገር አንድ ሰው ለጎረቤቱ እንኳ ጠመንጃ ሲሸጥ በባለ ፈቃድ ነጋዴ በኩል ነው። በእኛም አገር የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝንም ሆነ ወደ አገር ማስገባትን ይከለክላል። ይህንን የምንጠቅሰው ይህን ጽሑፍ አንብቦ ከውጭ የሚመለስ ዘመዱን ሮቡስት አምጣልኝ የሚል እንዳይኖር ነው።

ስለ ጥይቱ ባለ ሱቁ አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2023 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በረግረግና በውሃ ዳር በእርሳስ መተኮስ ተከልክሏል፤ በምትኩ ብዙዎች የብረት ፍሬ ይጠቀማሉ። የብረት ፍሬ ግን ለእንዲህ ያለ አሮጌ፣ ጫፉ ለጠበበ አፈሙዝ አይሆንም፤ ይቦረቡረዋል። ስለዚህ ሃምሳ አለቃው ዳክዬን ትተው በደረቅ መሬት ይቆያሉ። በዚህ እትዬ ተደሰቱ፤ ውሃ ዳር ብርድ አለ ብለው።

ማታ የብረቱን ሣጥን ግድግዳው ላይ በአራት ብሎን ስናስር ባልደረባችን ልዩ ችሎታ አሳየ። ጠመንጃው ለሁለት ተፈትቶ ገባ። ጥይቱ ግን እዚያ አልገባም፤ ወጥ ቤት ካለ አንድ የሚቆለፍ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ፣ ከበርበሬው መደርደሪያ በላይ ተቀመጠ። የሣጥኑ ቁልፍ ሃምሳ አለቃው ዘንድ፣ የጥይቱ ቁልፍ እትዬ አንገት ላይ ከማዕተባቸው ጋር ሆነ። በየሰፈሩ ያላችሁ እኅቶቻችን፣ ባለቤቶቻችሁ ከግዳጅ ሲመለሱ መሣሪያቸውን ከማስቀመጣቸው በፊት ከፍተው እንዲያሳዩዋችሁ ብትጠይቁ ድፍረት አይደለም። የማሳየት ልማድ ያለው ወታደር አይቆጣም፤ የሚቆጣ ካለ ልማዱ የለውም።

በማግሥቱ ወደ ሊዮን ከመመለሳችን በፊት ሃምሳ አለቃው የኳሱን ስታዲየም ሳናይ እንዳንሄድ አሉ። ከተማዪቱ አረንጓዴ ለባሹን ቡድን እንደ ታቦት ነው የምታየው። እ.ኤ.አ. በ1976 በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ በባየር ሙኒክ 1 ለ 0 ሲሸነፉ ሁለት ኳስ የግቡን አግዳሚ መትቶ ተመልሷል። የግላስጎው ግብ አግዳሚ ክብ ሳይሆን ባለ ማዕዘን ስለ ነበረ ነው ይላሉ፤ ክብ ቢሆን ይገባ ነበር። ያንን እንጨት ገዝተው አምጥተው በስታዲየሙ ሙዚየም አኑረውታል። ሃምሳ አለቃው በእጃቸው እያሳዩ የኳሱን አቅጣጫ አስረዱን፤ በዚያ ዓመት እሳቸው ገና አገር ቤት ከብት ይጠብቁ ነበር።

ወደ አገር ከተመለስን በኋላ በሁለተኛው እሑድ ማታ ደወልንላቸው። ስልኩን ያነሡት እትዬ ናቸው። ሃምሳ አለቃው ጫማቸውን ሳያወልቁ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ቀኑን ሙሉ ተራራ ሲወጡ ሲወርዱ ውለዋል። ምን ገደሉ? ብለን ጠየቅን።

«ምንም» አሉ እትዬ። «ዐሥር ይዞ ወጣ፤ ስምንት መለሰ። ቆጥሬአቸዋለሁ። ጠመንጃውንም በር ላይ ሰብሮ ሰጠኝ፤ አየሁት።»